ክርክር፦ የጋዜጣ ካርቱን ከፈጣሪው ጋር ያብቃ ወይስ በሌላ እጅ ይቀጥል?

ርእሱን ያቀረበው፦
በጋዜጣ ላይ በየዕለቱ የሚወጣ ተከታታይ ካርቱን፣ የፈጠረው ሰው ሲሞት ወይም ብዕሩን ሲያስቀምጥ አብሮት ማብቃት አለበት ወይስ ሌላ ሠዓሊ ሊረከበው ይገባል? ለክርክር የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። እኔ ማብቃት አለበት ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ወደዚህ አቋም ያደረሰኝም «ፒናትስ» ለተባለው ካርቱንና ለፈጣሪው ለቻርልስ ሹልዝ ያለኝ ፍቅር ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሹልዝ ሥራውን ኦክቶበር 2 ቀን 1950 በ7 የአሜሪካ ጋዜጦች ጀመረ። በስተመጨረሻ የካርቱኑ ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነው ልጅ ቻርሊ ብራውንና ውሻው ስኑፒ በ75 አገሮች፣ ከ2,600 በሚበልጡ ጋዜጦች ይታዩ ነበር። በሃምሳ ዓመት ውስጥ የወጡትን 17,897 ካርቱኖች ያሰበው፣ የሣለው፣ በቀለም ያጸናው፣ ፊደላቸውንም ሳይቀር የጻፈው እርሱ ራሱ ነው። በዚያ ሙያ ረዳት መቅጠር የተለመደ ሆኖ ሳለ፣ በዕለታዊው ካርቱን ላይ የሌላ ሰው እጅ እንዲያርፍ አልፈቀደም። በ1981 የልብ ቀዶ ሕክምና ካደረገ በኋላ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ የቻርሊ ብራውን ክብ ራስና የስኑፒ ቤት ጣሪያ መስመሮችም አብረውት ተንቀጠቀጡ። ያን የሚንቀጠቀጥ መስመር ስመለከት አብሮኝ ያረጀ ሰው ድምፅ የምሰማ ይመስለኛል፤ ሌላ ሠዓሊ ቢያስተካክለው የሚጠፋው ይህ ድምፅ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ያሳምነኛል። ከካርቱኑ ልጆች አንዷ ሉሲ ኳሱን ይዛ ትንበረከካለች፤ ቻርሊ ብራውን እየሮጠ መጥቶ ሊመታው ሲል ታነሣበታለች፤ እርሱም በጀርባው ይዘረጋል። ይህ ለአሥርት ዓመታት ተደጋገመ። በኦክቶበር 1999 በወጣው የመጨረሻው ላይ ግን ሉሲ ወደ ቤት ስለተጠራች ኳሱን ለታናሽ ወንድሟ ለሪረን ታስረክባለች። ሪረን ሲመለስ ምን እንደ ሆነ ትጠይቀዋለች፤ እርሱም መቼም እንደማታውቀው ይነግራታል። እኛም አላወቅንም። ከሁለት ወር ያህል በኋላ ሹልዝ በሕመም ምክንያት ሥራውን ማቆሙን አስታወቀ፤ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2000 ሌሊት ዐረፈ፤ የስንብት ካርቱኑም በማግስቱ እሑድ ታተመ። ተተኪ ሠዓሊ ቢመጣ ኖሮ በሚቀጥለው ዓመት ወይ ኳሱን እንደገና ማንሣት፣ ወይም ቻርሊ ብራውን መታው ማለት ነበረበት። ሁለቱንም የማድረግ መብት ያለው ሰው አይታየኝም።

የጋዜጣ አዘጋጁ፦
ወንድሜ፣ ለሹልዝ ያለዎትን ፍቅር እጋራለሁ፤ ነገር ግን ከአንድ ሰው ታሪክ ተነሥቶ ለሙያው ሁሉ ሕግ ማውጣት ይከብደኛል። «ናንሲ» የተባለውን ካርቱን ይውሰዱ። ሥሩ በ1922 ላሪ ዊቲንግተን የጀመረው «ፍሪትዚ ሪትዝ» ነው። በ1925 ኧርኒ ቡሽሚለር ተረከበው፤ በ1933 ናንሲ የተባለችውን ትንሽ ልጅ የፍሪትዚ የእኅት ልጅ አድርጎ አስገባት፤ ልጅቱም አክስቷን እስከ መተካት ደርሳ በ1938 ካርቱኑ በስሟ ተጠራ። ካርቱን ከፈጣሪው ጋር ያብቃ የሚለው ደንብ በ1925 ቢሠራ ኖሮ ናንሲ አትወለድም ነበር። ቡሽሚለርም በ1982 ከሞተ በኋላ ሥራው አላበቃም፤ በ2018 በብዕር ስም የምትሠራ ሠዓሊ ተረክባው ስልኩንና ኢንተርኔቱን በናንሲ ዓለም ውስጥ ስታስገባ፣ ካርቱኑን ረስተውት የነበሩ አንባቢዎች ተመለሱ።

ደግሞም የሹልዝ ቤተሰብ ራሱ በሩን ሙሉ በሙሉ አልዘጋም። በ2015 በወጣው የፒናትስ ፊልም ላይ ቻርሊ ብራውንን ያንቀሳቀሱት ሌሎች እጆች ናቸው። ይህ ከተፈቀደ ጋዜጣው ለምን ይከለከላል?

ርእሱን ያቀረበው፦
ስለ ናንሲ ያነሡት ከባድ ነው፤ ሳስብበት ቆይቻለሁ። ይሁን እንጂ ቡሽሚለር የተረከበውን እንደ ነበረ አላስቀጠለም፤ ውስጡ የራሱን ነገር ተክሎ አሮጌው እንዲከስም አደረገ። ተረካቢ ሁሉ እንዲህ ያለ ነፃነት ቢሰጠው ክርክሬ በላላ ነበር። የሚሰጠው ግን እምብዛም ነው፤ ካርቱኑን ለጋዜጦች የሚያከፋፍለው ድርጅት የሚፈልገው አንባቢው ለውጡን እንዳያስተውል ነውና።

ፊልሙን በተመለከተ ከደራሲዎቹ መካከል የሹልዝ ልጅና የልጅ ልጅ ይገኙበታል፤ ተመልካቹም የሚያየው በሌሎች የተሠራ ሌላ ሥራ መሆኑን ያውቃል። የጋዜጣው ካርቱን ግን ያው ቦታ፣ ያው ስም፣ ያው ሰዓት ነው። በዚያ ቦታ የሌላ ሰው ሥዕል ማየት በሟች ወዳጅ ፊርማ የተጻፈ ደብዳቤ እንደ መቀበል ይሆንብኛል።

ሠዓሊዋ፦
ሁለታችሁም ያልነካችሁት አንድ ነገር አለ። ፒናትስ በ2000 አበቃ ስንል ከጋዜጦች ወጣ ማለታችን አይደለም። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ብዙ ጋዜጦች የቀድሞዎቹን ካርቱኖች መልሰው እያተሙ ቆይተዋል። የሌላ እጅ አልገባም፤ ቦታው ግን አልተለቀቀም። የካርቱን ገጽ እንደ መሬት ነው፤ አይጨመርም። እንዲያውም እየጠበበ ሄዷል። የ«ካልቪን ኤንድ ሆብስ» ፈጣሪ ቢል ዋተርሰን ከጋዜጦች ጋር የታገለው ለዚህ ነበር፤ ከመጀመሪያው ረጅም ዕረፍቱ በ1992 ሲመለስ የእሑዱ ካርቱኑ ሳይቆራረጥ ግማሽ ገጽ እንዲሰጠው አድርጓል፤ በዚህም ከብዙ አዘጋጆች ጋር ተጋጭቷል።

ዋተርሰን በ1989 በኦሃዮ ባደረገው ንግግር ፈጣሪያቸው ከሞተ በኋላ በሌሎች እጅ የሚጎተቱ ካርቱኖችን ነቅፎ ነበር፤ እርሱም በቃሉ ጸና። ካርቱኑ ከ2,400 በሚበልጡ ጋዜጦች በሚታተምበት ጊዜ፣ ገና 37 ዓመቱ ሳለ፣ ዲሴምበር 31 ቀን 1995 አቆመው። የካርቱኑን ነብር ሆብስን በአሻንጉሊትነት ለመሸጥ የቀረበለትን ሁሉ ቀድሞውንም እምቢ ብሎ ነበር። ርእሱን ያቀረቡት ወንድማችን ፍጻሜን የሚያከብሩ ከሆነ፣ ክብሩ እስከ ገጹ ድረስ ሊዘልቅ ይገባዋል። እኔ በየወሩ ሥራዬን ለአዘጋጆች እልካለሁ፤ የሚመለስልኝም ቦታ የለም የሚል ነው። ቦታውን ከያዙት አንዱ እጅግ የምወደው፣ መስመር መሳብን ያስተማረኝ ሹልዝ ነው። ይህን መናገር ለእኔ ቀላል አይደለም።

ጡረተኛዋ መምህርት፦
ልጄ፣ ሐዘንሽ ገብቶኛል። ነገር ግን ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ድጋሚ ኅትመት የሚባል ነገር የለም። የፒናትሱ ልጅ ላይነስ ብርድ ልብሱን ጨምቆ ይዞ፣ ጣቱን እየጠባ ስለ ትልልቅ ነገር ሲናገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ልጅ በየዓመቱ ይመጣል። ሥዕሉ በ1963 ይሳል በ1993 ለእርሱ ለውጥ የለውም። ጋዜጣው ላይ ካላገኘው መጽሐፉን ለመፈለግ ምን ያነሣሣዋል?

ሠዓሊዋ፦
እማማ፣ ስለ ልጆቹ ያሉት እውነት ነው፤ በመጽሐፍ በኩል ግን መንገዱ አልተዘጋም። የሹልዝ ዕለታዊ ሥራዎች ከ2004 እስከ 2016 ባለው ጊዜ በቅደም ተከተል በመጽሐፍ ታትመው አልቀዋል።

በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተገደሉ በኋላ አንዲት የካሊፎርኒያ መምህርት ለሹልዝ ደብዳቤ ጽፈው፣ በካርቱኑ ውስጥ ጥቁር ልጅ እንዲያስገባ ጠይቀውት ነበር። እርሱም በቅን ልብ የተደረገው ነገር ጥቁር ወላጆችን እንደ ንቀት ይሰማቸው ይሆን ብሎ እንደሚሠጋ ገልጾ መለሰ፤ ደብዳቤው ተመላለሰ፤ በዚያው ዓመት ጁላይ 31 ቀን ፍራንክሊን የተባለ ጥቁር ልጅ የቻርሊ ብራውንን ኳስ ከባሕሩ አውጥቶ ይዞለት መጣ። ከደብዳቤው እስከ ፍራንክሊን አራት ወር እንኳ አልሞላም። እርስዎ እንደ እርሳቸው መምህርት ነዎትና ይንገሩኝ፤ ዛሬ አንድ መምህር ስለ ዛሬ ልጆች ቢጽፍ፣ ድጋሚ የሚታተመው ገጽ ማንን ፈጥሮ ይመልስለታል? የሹልዝን ታላቅነት ያየሁት በዚያ መልስ ውስጥ ስለሆነ ነው መልስ ሊሰጥ የሚችል በሕይወት ያለ ሰው በቦታው እንዲቀመጥ የምለምነው።

የጋዜጣ አዘጋጁ፦
ከሙያዬ አንጻር አንድ ነገር ልጨምር። የቆየ ካርቱን ከገጽ ሲነሣ የሚደርሰን የተቃውሞ ደብዳቤ ብዙ ነው፤ አዲስ ሠዓሊ እንድናስገባ የሚጠይቅ ደብዳቤ ግን በእጄ የገባበትን ጊዜ አላስታውስም። አዘጋጅ የሚሰማው የሚጽፍለትን ነው።

ርእሱን ያቀረበው፦
በመጀመሪያው ነጥቤ እጸናለሁ፤ ሪረን ያየውን ሌላ ሰው ሊነግረን አይገባም። በድጋሚ ኅትመቱ ጉዳይ ግን የእኅታችን ክርክር ረትቶኛል። በየማለዳው ድጋሚውን ገልጬ ሳነብ ፍጻሜውን ያከበርሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ፍጻሜውን ሳልቀበል ኖሬአለሁ። የፍራንክሊንን መምጣት የወደድሁ ሰው፣ ሌላ ፍራንክሊን ሊመጣበት የሚችለውን ቦታ ይዤ መቀመጥ የለብኝም።

መምህርት ሆይ፣ የእርስዎን ሐሳብ አልጣልሁትም፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ብቻ፣ የሹልዝ ሥራ ለልጆቹ ቢቀር እደሰታለሁ። የቀሩት ስድስት ቀናት ግን ለሕያዋን ይሁኑ። አዘጋጅ ወንድሜ እንዲህ ያለ ደብዳቤ በእጃቸው የገባበትን ጊዜ እንደማያስታውሱ ስለነገሩን፣ እኔ ለማነበው ጋዜጣ ዛሬ ማታ እጽፋለሁ። እኅቴ፣ ፈቃድዎ ቢሆን ከሥራዎችዎ ሁለቱን ይላኩልኝና ከደብዳቤው ጋር አያይዣቸው።

ጡረተኛዋ መምህርት፦
በስድስቱ ቀን አልተስማማሁም፤ ሦስት ቀን ለሹልዝ ይቅር። ደብዳቤው ላይ ግን ስሜን ጨምሩበት።