ክርክር፦ ከ1987 የሮክ አልበሞች ቁንጮው የትኛው ነው?

አቅራቢ፦ ለዛሬ የቀረበው ጥያቄ በ1987 ከወጡት የሮክ አልበሞች መካከል የዓመቱ ቁንጮ ሊባል የሚገባው የትኛው ነው የሚል ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለክርክር የቀረቡት ሦስት ሲሆኑ፣ እነርሱም በማርች የወጣው የዩቱ «ዘ ጆሹዋ ትሪ»፣ በጁላይ የወጣው የገንስ ኤንድ ሮዝስ «አፒታይት ፎር ዲስትራክሽን» እና በኦገስት የወጣው የዴፍ ሌፐርድ «ሂስቴሪያ» ናቸው። ሦስቱም በሚሊዮኖች የተቸበቸቡ በመሆናቸው የሽያጭ ቁጥር እየጠቀሱ መከራከር የትም አያደርሰንም።

የወሎ ልጅ፦ እኔ ያለማመንታት ለ«ዘ ጆሹዋ ትሪ» እቆማለሁ። ድምፃዊው ቦኖ ከላይቭ ኤይድ ኮንሰርት በኋላ፣ በ1985፣ ከባለቤቱ ጋር ወደ አገራችን መጥቶ ወሎ ውስጥ አጅባር በነበረው የረሃብ ተጎጂዎች መጠለያ ለሳምንታት በበጎ ፈቃደኝነት አገልግሏል፤ ስለ ጤና አጠባበቅ የሚያስተምሩ ዘፈኖችና አጫጭር ተውኔቶችም ያዘጋጅ ነበር። አልበሙን የሚከፍተው «ዌር ዘ ስትሪትስ ሃቭ ኖ ኔም» የተሰኘ ዘፈን ግጥም ከዚያ ቆይታ ጋር የተያያዘ መሆኑን ራሱ ተናግሯል። ስለ ወገኖቻችን ረሃብ ያንጎራጎረው ብዙ ነው፤ ያየውን ይዞ ተመልሶ ሁለት ዓመት ያብሰለሰለው ግን ጥቂት ነው።

ከበሮ መቺው፦ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ እርስዎ የተከራከሩት ለሰውዬው ደግነት እንጂ ለአልበሙ አይደለም። የሰው ታሪክ ይቆጠር ከተባለማ የ«ሂስቴሪያ»ን ምን ልንለው ነው? የባንዱ ከበሮ መቺ ሪክ አለን በ1984 የመጨረሻ ቀን በደረሰበት የመኪና አደጋ ግራ እጁን አጥቶ፣ ቀድሞ በዚያ እጁ ይመታው የነበረውን በግራ እግሩ በሚረግጣቸው ፔዳሎች እያሰማ በኤሌክትሮኒክ ከበሮ ሥራውን ቀጥሏል። እኔ ግን በዚህ አልከራከርም፤ የምከራከረው በአሠራሩ ነው። ፕሮዲውሰሩ ማት ላንግ ባንዱን በአንድነት አስጫውቶ ከመቅረጽ ይልቅ እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው ቀርጾ መደራረብን መረጠ፤ የጊታር ኮርድ (በአንድነት የሚሰሙ ኖታዎች) ሳይቀር ኖታ በኖታ እየተቀረጸ የተገጣጠመበት ቦታ አለ። ዛሬ በኮምፒውተር የሚያቀናብር ሁሉ የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው፤ እነርሱ ግን የዛሬው ዓይነት የማቀናበሪያ ኮምፒውተር ሳይኖር በቴፕ ሠሩት።

ሌሊት ሰሚ፦ የስቱዲዮው ጥበብ አይካድም፤ ነገር ግን እንከን የለሽ መሆን ቁንጮ አያሰኝም። በ«አፒታይት» ላይ ሁለቱ ጊታሪስቶች ስላሽና ኢዚ ስትራድሊን አንዱ ሲያፈተልክ ሌላው ምቱን እየያዘ ሲነጋገሩ ያድምጡ። አልበሙ ሲወጣ ገዢ አላገኘም ነበር፤ የሙዚቃ ቴሌቪዥኑ ኤም ቲቪ የመጀመሪያውን ቪዲዮ ያሳየው የማሳተሚያው ባለቤት ዴቪድ ጌፈን ከጠየቀ በኋላ፣ ያውም ሰው በተኛበት ሰዓት ነው። በአሜሪካ ሰንጠረዥ አንደኛ የሆነው ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በኦገስት 1988 ነበር። አድማጩ ራሱ ፈልጎ ያገኘው አልበም ነው ማለት ነው።

አንድ አድማጭ፦ የሶኒክ ዩዝ «ሲስተር» እና የአር ኢ ኤም «ዶኪዩመንት» በዚያው ዓመት ወጥተው ሳለ በዝርዝሩ አለመግባታቸው ያስገርመኛል።

የወሎ ልጅ፦ ደግነቱ ይቅር ከተባለ ወደ ድምፁ እንሂድ። የመክፈቻው ዘፈን ኦርጋን በሚመስል ድምፅ ቀስ ብሎ ይነሳል፤ ከዚያም የጊታሪስቱ የኤጅ ጊታር በዲሌይ (ድምፁን እያዘገየ በሚደግም መሣሪያ) እየተባዛ በሦስት ምት ይገባና ባንዱ ሲሟላ ወደ አራት ምት ይሻገራል። ጆሮው በችክችካ ላደገ ሰው ይህ መሻገሪያ አይሰወረውም (ከእኛ ወሰዱት እያልኩ አይደለም)። ዘፈኑን ለመጨረስ የወሰደው ጊዜ ከመርዘሙ የተነሳ ፕሮዲውሰሩ ብራያን ኢኖ ቴፑን አጥፍቶ እንደ አዲስ ለማስጀመር ቃጥቶት ነበር፤ ያስቆመው የድምፅ ባለሙያው ነው። ኖታ በኖታ የተሰፋ ሥራ እንዲህ ዓይነት ጭንቀት አይሰማበትም።

ቀለም፦ ስለ «አፒታይት» ማንም ያላነሳውን ላንሳ። የመጀመሪያው ሽፋን በሮቦት የተደፈረች ሴት የምትታይበት የሮበርት ዊሊያምስ ሥዕል ነበር፤ ሱቆች አንሸጥም ሲሉ ወደ ውስጥ ገብቶ አምስት የራስ ቅሎች ያሉበት መስቀል ተተካ። ግጥሞቹም ሴትን የሚያዩት ከሥዕሉ ብዙም ሳይርቁ ነው። እንዲህ ያለውን አልበም የዓመቱ ቁንጮ ብዬ ልሰይመው አልችልም።

ሌሊት ሰሚ፦ እንግዲያው ሚዛኑ አንድ ይሁን። የቦኖ ደግነት ለአልበሙ ነጥብ አያስገኝም ከተባለ፣ የእነዚህ ልጆች ብልግናም ነጥብ ሊያስቀንስ አይገባም።

ቀለም፦ ሁለቱ አንድ አይደሉም። አጅባር የተሠራው ሥራ ከአልበሙ ውጭ ያለ የሰውዬው ታሪክ ነው፤ ባናውቀውም ዘፈኑ ያው ዘፈን ነው። ሥዕሉና ግጥሙ ግን የገዛነው ዕቃ አካል ናቸው፤ ጊታሩ ማማሩን የምሰማው ግጥሙን እየሰማሁ ነው። የባንዱን አባላት የግል ሕይወት አንድም ቃል አላነሳሁም፤ የተናገርኩት አልበሙ ስለሚለው ነው።

ከበሮ መቺው፦ በዚህ ከቀለም ጋር ነኝ፤ ድምፄ ግን ለ«ሂስቴሪያ» ነው።