ጽዋ የያዙት ሁሉ ለምን ተፋጁ?

ቡና ላይ፦ ሰላም ቤቶች። ፕራግ ከገባሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አሮጌው አደባባይ ላይ የቼኩ ሰባኪ ቄስ የያን ሁስ ሐውልት አለ። ሰውዬውን እ.ኤ.አ. በ1415 ካቶሊኮች ኮንስታንስ ላይ መናፍቅ ብለው አቃጠሉት። ተከታዮቹ ሁሳውያን፣ ምእመኑ ሥጋውን ብቻ ሳይሆን ደሙንም ይቀበል ብለው ተነሡ። እኛ ሥጋ ወደሙን ስንቀበል ስላደግን፣ ለዚህ ጦርነት? ብዬ ገረመኝ። የባሰው ደግሞ በ1434 ሊፓኒ ላይ በሁለቱም ወገን የተሰለፉት ሁሳውያን ነበሩ። ምን ነካቸው?

ጎረቤት፦ የሰበካ ጉባኤ ምርጫ አይተህ አታውቅም እንዴ? ሃሃ።

የድሮው ዲያቆን፦ ቀልዱ እውነት አለው። ጽዋው ላይ አልተጣሉም፤ ጠቡ ከዚያ ወዲያ ባለው ነው። የፕራግ ሊቃውንት ጽዋው ከተሰጠን ቅዳሴው ባለበት ይቀጥል ባዮች ናቸው። ሌሎቹ በ1420 አዲስ ከተማ ቆረቆሩ፤ ስሟንም ከደብረ ታቦር ወስደው ታቦር አሏት። ትልልቅ ገንዳ አስቀመጡ። የመጣው ሁሉ ገንዘቡን እዚያ ጨምሮ ይገባል፤ የእኔ የሚባል ነገር የለም። (ብዙም አልቆየ። ገንዳው ሲጎድል ከገበሬው ግብር መሰብሰብ ጀመሩ።) ካህናቱ ልብሰ ተክህኖ ትተው በዘወትር ልብሳቸው ቀደሱ። እኔ አንድ ቀን ቀሚሴን ሳልተኩስ መጥቼ የወረደብኝን ቁጣ ሳስታውስ፣ የፕራግ ቄሶች ምን እንዳሉ መገመት አያቅተኝም።

ከዚያም ያለፈ ነበር። ማርቲን ሁስካ የሚባል የታቦር ቄስ፣ ክርስቶስ በኅብስቱ ውስጥ በአካል የለም አለ። በ1421 በእሳት ሞተ። ያስቃጠሉት ሁሳውያን ናቸው፤ ሁስ በተቃጠለ በስድስት ዓመቱ!

ዓይነ ስውሩ የጦር አበጋዝ ያን ዢዥካም ከታቦር ተለየ። በ1424 ማሌሾቭ ላይ ድንጋይ የተጫነ ጋሪ ቁልቁል ለቀቀ። በማን ላይ? በፕራግ ሰዎች ላይ። በዚያው ዓመት ሲሞት ወታደሮቹ ራሳቸውን «የሙት ልጆች» አሉ።

ቡና ላይ፦ ሊፓኒስ?

የድሮው ዲያቆን፦ የካቶሊኮቹ የባዝል ጉባኤ ከሁሳውያን ጋር ድርድር ከፈተ። የፕራግና የመኳንንቱ ወገን ጦርነት ሰልችቶታል። ከካቶሊኮች ጋር ሆኖ ታቦርንና የሙት ልጆቹን መታ። የታቦሩ መሪ ፕሮኮፕ እዚያው ወደቀ። በ1436 ጽዋው ተፈቀደላቸው።

ቡና ላይ፦ እግዜር ይስጥልኝ። እዚሁ አደባባዩ ላይ የቲን ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የሁሳውያን ዋና ደብር ነበር። ግንባሩ ላይ የወርቅ ጽዋ ነበረበት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ካቶሊኮቹ ሲመለሱ አቅልጠው ለእመቤታችን ምስል አክሊለ ብርሃን አደረጉት። ቡናዬን ይዤ ቀና ስል የማየው እሱን ነው ለካ።