ጂ5 ላይ የተሰካ ፈረስ እንቅልፍ ነሳኝ

የአራት ኪሎው ጥቁር፦
ሰላም የቤቱ ሰዎች። ዓርብ ከሥራ በኋላ አራት ኪሎ ትንሽ የቼዝ ውድድር ነበረችን፣ ለየአንዳንዱ ተጫዋች 15 ደቂቃ፣ በየእርምጃው ከ10 ሰከንድ ጭማሪ ጋር። ሦስተኛ ዙር ላይ የደረሰችኝ ዩኒፎርሟን እንኳ ያላወለቀች ልጅ ነች። እኔ ጥቁር።

ኢ4 ኢ5 (ፊደልና ቁጥሩ የገበታው ቤት ስም ነው)፣ ፈረስ ኤፍ3 ፈረስ ሲ6፣ ቢሾፕ ሲ4፤ እኔም ፈረሴን ኤፍ6 አወጣሁ። ወዲያው ፈረሷን ጂ5 ላይ ሰካችው። ዲ5 ገፋሁ፣ በወታደር በላች፣ በፈረስ በላሁ። ማኪያቶዬን ሳላነሳ ፈረሷን ኤፍ7 ላይ ወረወረችው! በነጻ መስሎኝ በንጉሥ በላሁት። ንግሥቷ ኤፍ3፣ ቼክ። ዲ5 ላይ ያለውን ፈረሴን ላድን ብዬ ንጉሤን ኢ6 አወጣሁት፤ ከዚያ ወዲህ ያለው አይወራም። 19ኛው እርምጃ ላይ እጄን ሰጠሁ። «ጋሼ፣ ይቅርታ» አለችኝ። ጋሼ! ገና 31 ዓመቴ ነው እኮ።

ባልበላውስ ኖሮ?

ሰነፉ ቢሾፕ፦
ወንድሜ፣ ከረንቡላ ይሻልሃል 😂

ጡረተኛው፦
ባትበላውም ንግሥትህንና ካስልህን ባንዴ ይዞብሃል። ስህተትህ ከዚያ በፊት ነው፣ ዲ5 ላይ በፈረስ መብላትህ። ፈረንጆቹ «የተጠበሰ ጉበት» የሚሉት ይሄንኑ ነው፤ ፖሌሪዮ የሚባል ጣሊያናዊ ከ400 ዓመት በፊት ተጫውቶታል። አንተ ጥሬውን በላኸው።

ዲ5 ላይ በወታደሯ ስትበላ መልሰህ አትብላ። ሲ6 ያለውን ፈረስ ኤ5 አድርገህ ቢሾፗን ንካ። ቢ5 መጥታ ቼክ ስትልህ በሲ6 ወታደር ጋርድ፤ ትበላለች፣ ትበላለህ። አንድ ወታደር ጎደለህ፣ ይጉደል። ቢሾፗ እንደገና ይሸሻል፣ በኤች6 ፈረሷን ታባርራለህ፣ ኤፍ3 ሲመለስ በኢ4 ደግመህ ታባርረዋለህ። በድሮው ሰንጠረዥ፣ በአገራችን ቼዝ፣ መጀመሪያ የሚበላ እስኪገኝ ድረስ ሁለቱም ያለ ተራ ይነዱ ነበር፣ ወረራ ይባላል። አንተ ተራህን ጠብቀህ ተወረርክ።

ሰነፉ ቢሾፕ፦
እሺ የምሬን፦ መጀመሪያውኑ ፈረስህን ኤፍ6 በማውጣት ፋንታ ቢሾፕህን ሲ5 አውጣ። የንግሥትህን መንገድ የዘጋው ኤፍ6 ያለው ፈረስ ነው። እሱ ከሌለ ጂ5 የመጣውን ንግሥትህ ትበላዋለች።

የአራት ኪሎው ጥቁር፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ኤ5ን እሞክራለሁ፤ ልጅቷ ለመጪው ዓርብም ተመዝግባለች አሉ። ግን ቼክ ትታ ዲ3 ብትገፋስ?

ጡረተኛው፦
ያው ኤች6። ፈረሷ ኤፍ3 ሲመለስ ኢ4። ማኪያቶውን ከጨዋታው በኋላ ጠጣ።