ወባው ዓመቱን ሙሉ እኩል ወጣብኝ፤ ኮዴ ነው ወይስ ዳታው?

ትንኝ ቆጣሪዋ
ሰላም ለሁላችሁ። የባዮሎጂ 3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ኢንተርንሺፕ በማይክሮስኮፕ የደም ስላይድ አነባለሁ ብዬ ሄጄ ኮምፒውተር ላይ አስቀመጡኝ። ሥራዬ የአንድ ጤና ጣቢያን የ2014 እና የ2015 የወባ መዝገብ አር (R) በሚባል የዳታ መተንተኛ ፕሮግራም መተንተን ነው። መዝገቡን ኤክሴል ላይ የጻፈው ከእኔ በፊት የነበረ ልጅ ነው። አር ሲያነበው ከግማሽ በላይ ቀኖች ባዶ ሆኑ። የቀሩትን በወር ሳወጣቸው መስመሩ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ነው። መዝገቡን የሰጡን ሲስተር ግን "መስከረም፣ ጥቅምት ወንበር አይበቃንም" ይላሉ። እኔም የማምነው እሳቸውን ነው። ኮዴን አሥር ጊዜ አየሁት። ሰኞ ለአድቫይዘሬ ላቀርብ ነው፤ እባካችሁ።

ዳታ ለቃሚ
እህቴ፣ ኮዱን ተዪው። ኤክሴሉን ክፈቺና የቀኑን ዓምድ እዪ። ገሚሱ ወደ ግራ፣ ገሚሱ ወደ ቀኝ ተጠግቷል?

ትንኝ ቆጣሪዋ
አዎ! ግራ ያሉት ቀናቸው 13 እና ከዚያ በላይ የሆኑት ናቸው። በምን አወቅህ?

ዳታ ለቃሚ
እኔም ተቃጥዬበታለሁ። ልጁ የጻፈው በእኛ አቆጣጠር፣ ቀን አስቀድሞ ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ እንደ አሜሪካ ወር ያስቀድማል። ጥር 12 ለማለት 12/5/2015 ሲጽፍ ዲሴምበር 5 ተደረገ። 25/1 ሲጽፍ ግን 25ኛ ወር የለምና ኤክሴል እንደ ጽሑፍ ወደ ግራ አስጠግቶ ተወው። ዓምዱ እንደ ቀን ሲነበብ አር ጽሑፎቹን ባዶ አደረጋቸው። የተረፉት ከ1 እስከ 12 ያሉት ብቻ ናቸው። እነሱም ወር መስለው ዓመቱ ላይ እኩል ተበተኑ። ጳጉሜን 5ማ ሜይ 13 ሆና ቁጭ ብላለች።

አሮጌ መዝገብ
በእጅሽ እንዳታርሚው! ዋናውን ፋይል አትንኪ። ቀንና ወራቸው የተለዋወጡትን በኮድ መልሺ። ቀን፣ ወር፣ ዓመት በሦስት ዓምድ ይቀመጡ። ወደ ፈረንጅ መቀየሩ መጨረሻ ላይ ይሁን። መስከረም 1 ደግሞ ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 አይደለም፤ 2015 ላይ ጳጉሜን 6 ስለነበረች 2016 የገባው በ12 ነው። ከዚያ 20 መስመር አውጥተሽ ከወረቀቱ ጋር አስተያዪ።

ጂን ወዳድ
ብቻሽን አይደለሽም። ማርች1፣ ሴፕት2 የሚባሉ የሰው ጂኖች ነበሩ። ኤክሴል ቀን እያደረጋቸው ስላስቸገረ ስማቸው ተቀየረ። ኤክሴል አልሰማ ሲል ጂኑ ስሙን ለቀቀ 😀

ትንኝ ቆጣሪዋ
ተሳካ! መስመሩ ከመስከረም ጀምሮ ሽቅብ ወጣ። ለሲስተር በቴሌግራም ላክኩላቸው። "ይሄን ለማወቅ ነው ኮምፒውተር ያስፈለገው?" አሉኝ። አሁን ደግሞ ሌላ መጣ፤ ሁለት ሰዎች ጳጉሜን 6 ቀን 2014 ተመርምረዋል ይላል። የ2014 ጳጉሜን እኮ 5 ቀን ብቻ ነበረች። ነገ ወረቀቱን ለማየት ጤና ጣቢያ እወርዳለሁ።