ባለ ሁለት ፎቅ ሄሊኮፕተር፦ የቱ ይገዛ? የት ይሠራ?

ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጄ ጋር የአሻንጉሊት ሄሊኮፕተር ስናበር የሚያየን ሁሉ ሦስት ጥያቄ አለው። የት ገዛኸው? ማን ይሠራዋል? የኔው ለምን እንደ ሰከረ ሰው ይዞራል? ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው። የማወራው ኮአክሲያል ስለሚባለው ነው። ሁለት ክንፎች በአንድ ዘንግ ላይ ተደራርበው፣ አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ የሚዞሩበት። ልጄ ባለ ሁለት ፎቅ ይለዋል፤ እኔም ለምጄዋለሁ።

ከግዢው እንጀምር። መርካቶ የአሻንጉሊት ተራ የምታገኙት አብዛኛው ባለ ሦስት ቻናል ነው፣ ማለትም ከሪሞቱ ሦስት ዓይነት ትእዛዝ የሚቀበል፤ ሳይማ ኤስ107ጂ ወይም እሱን አስመስሎ የተሠራ። ጅራቱ ላይ ወደ ሰማይ የምታይ ትንሽ ክንፍ አለችው። ወደፊት ስትሉት እሷ ጅራቱን ታነሳለች፣ አፍንጫው ይደፋል፣ ይሄዳል። ወደ ጎን መንሸራተት ግን አይችልም። ለጀማሪ ልጅ አንደኛ ነው፤ ቢወድቅም ቶሎ አይሰበርም፣ በዩኤስቢ ይሞላል። ሪሞቱ እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት በኢንፍራሬድ ስለሚሠራ ጠራራ ፀሐይ ላይ አይሰማም። "ተበላሸ" ብላችሁ ሻጩን ከመጨቅጨቃችሁ በፊት ሳሎን ውስጥ ሞክሩት። ይሄን ለማሻሻል ብር አታውጡ። አፍንጫው ላይ አንድ ሳንቲም በፕላስተር ብትለጥፉ ትንሽ ይፈጥናል፤ ከዚያ በላይ የሚጨመቅ ነገር የለውም።

ማሻሻል የሚያዋጣው ባለ አራት ቻናሉ ነው። የታችኛው ክንፍ ሥር በሁለት ሰርቮ (ክንድ ያላቸው ትንንሽ ሞተሮች) የሚታዘዝ፣ ዘንበል ቀና የሚል ሳህን አለው፤ ስዋሽፕሌት ይሉታል። ሳህኑ ባጋደለበት በኩል ሄሊኮፕተሩ ይሄዳል። እኔ እጅ የገቡት ሁለት ናቸው፤ ብሌድ ኤምሲኤክስ እና ኢስካይ ላማ። ሁለቱም አሮጌ ሞዴሎች ናቸው፤ ዘመድ ነው ያመጣልኝ። ኤምሲኤክሷ 28 ግራም ብቻ ስለሆነች ሳሎን ውስጥ እንደ ቢራቢሮ ትበራለች። ችግሯ ሪሲቨሩም (የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለው)፣ ጃይሮውም (መዞሯን የሚያውቀው)፣ ሰርቮውም አንድ ቦርድ ላይ መሆኑ ነው፤ አንዱ ሲሄድ ሁሉም ይሄዳል። ላማው ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 34 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ባትሪው 7.4 ቮልት። አዳራሽ ይፈልጋል። ግን ሁሉም ነገሩ ተፈትቶ ይገጠማል። መነካካት ለሚወድ ሰው ላማን እመርጣለሁ።

የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ፣ ትርፍ ባትሪዎቹን በእጅ ሻንጣው ይያዝ፤ ከዕቃው ውጭ ለብቻው ያለ ሊቲየም ባትሪ በሚጫነው ሻንጣ አይፈቀድም። ደግሞ ድሮን ያለ ኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር) ፈቃድ አይገባም። ጉምሩክ ላይ "ይሄ አሻንጉሊት ነው" እያሉ ከመከራከር አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ልምጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የሚገፋው አየር ሲሳሳ ክንፉ የግድ መፍጠን አለበት። ሞተሩ ይግላል፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የበረራ ደቂቃም አይሞላም። አሮጌ ሚኒባስ እንጦጦን ሲወጣ አስቡት። ስለዚህ እዚህ አገር እያንዳንዷ ግራም ዋጋ አላት። ኢንተርኔት ላይ "ማሻሻያ" ተብለው የሚሸጡት የሚያብረቀርቁ የአሉሚኒየም ዕቃዎች ከፕላስቲኩ ይከብዳሉ። እኔም ተሸውጄ የላማውን የክንፍ መያዣ በአሉሚኒየም ቀይሬ ነበር። አማረ፣ መነሳት ግን አቃተው። አውልቄ ፕላስቲኩን መለስኩት።

(የሚገርመው፣ ላማ የሚለው ስም የመጣው ከፈረንሳይ እውነተኛ ሄሊኮፕተር ነው። በሕንድ ጥያቄ፣ ለሂማላያ ተራሮች የተሠራ። እ.ኤ.አ. በ1972 ፈረንሳዊው አብራሪ ዣን ቡሌ በእሱ 12,442 ሜትር ወጥቷል። እውነተኛው ግን ባለ አንድ ፎቅ ነው፣ የጅራቱም ክንፍ ሥራ አላት። የአሻንጉሊቱ ጅራት ላይ ያለችው ለጌጥ ናት።)

ከብር በፊት ካቻቢቴ ያዙ። መጀመሪያ ክንፎቹን የያዙትን ብሎኖች እዩ። ሄሊኮፕተሩን በጎኑ ስትይዙት ክንፎቹ በራሳቸው ክብደት መውረድ አለባቸው። ጠብቀው ከታሰሩ ቦታቸውን አያገኙም፣ ሙሉ አካሉ ይንቀጠቀጣል። ቀጥሎ ጥንድ ክንፎቹን እርስ በርስ አመዛዝኑ። እዚህ ላይ ማንም ሰው የማይገምተውን ቤት ልጠቁም፦ ወርቅ ቤት። የኩሽና ሚዛን ይህን ልዩነት አያይም፤ የወርቅ ሚዛን ግን ያያል። የሰፈሬ ወርቅ ሠሪ እየሳቀ መዘነልኝ፣ ሒሳብም አልተቀበለኝም። ክብደቱ ባነሰው ክንፍ ላይ ትንሽ ስኮች ለጥፎ ማስተካከል ነው። መንቀጥቀጡ ግማሹ እዚያው ጠፋ።

"በራሱ ይዞራል" ላላችሁኝ። ይህ ዓይነቱ ሄሊኮፕተር ፊቱን የሚያዞረው የሁለቱን ሞተሮች ፍጥነት በማበላለጥ ነው። ሪሞቱ ላይ ያለችውን ትሪም (ትንሿን ማስተካከያ) እስከ መጨረሻው ገፍታችሁም ካልቆመ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ሞተር ደክሟል ማለት ነው። ውስጡ ያለው ብሩሽ ያልቃል። ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይሩ፤ አዲስና አሮጌ ካጣመራችሁ ጣጣው ይቀጥላል።

ለሞተሩ ሽቦ ብየዳ ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ዘንድ ሄጄ አይቻለሁ፣ ሞባይል ጠጋኝ ዘንድም። ሞባይል ጠጋኙ ይበልጣል። ካውያው ቀጭን ነው፣ አጉሊ መነጽር አለው፣ በጥቃቅን ቦርድ እጁ ተገርቷል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ "የስልክ ባትሪ ልግጠምልህ" ቢላችሁ እምቢ በሉ። የስልክ ባትሪ ረጅም ሰዓት ቀስ እያለ ለመስጠት የተሠራ ነው። ሄሊኮፕተር ያለውን ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ይጠይቀዋል፤ አይችልለትም፣ ክብደቱም ሌላ ጣጣ ነው። ቶርኖ ቤትም ሞክሬ ነበር። የጎበጠ ዘንግ አቀናንልሃለሁ ብሎ የባሰ አድርጎ መለሰልኝ። በሰውየው አልፈርድም፣ የለመደው የመኪና ዕቃ ነው። ዘንግ ከጎበጠ መቀየር ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ፍጥነት ለሚያምረው። የላማውን የጌጥ ጅራት ክንፍ አውልቁ፣ ባትሪውን ወደ አፍንጫው ጥቂት ሚሊ ሜትር ግፉ። ደፋ ብሎ ወደፊት መሄድ ይጀምራል። ሁለተኛው፣ ከሰርቮው ወደ ሳህኑ የሚሄደውን ሽቦ በሰርቮው ክንድ ላይ አንድ ቀዳዳ ወደ ውጭ አውጡት። ሳህኑ አብዝቶ ያጋድላል፣ ትእዛዝ ቶሎ ይቀበላል።

ሦስተኛው የሚያስፈራው ነው። ከላይኛው ክንፍ ጋር የታሰረች፣ ጫፎቿ ላይ ክብደት ያላት ዘንግ አለች። ሞግዚት ናት። አካሉ ሲያጋድል እሷ በነበረችበት ትቆያለች፣ የላይኛውን ክንፍ ጎትታም ታቃናዋለች። ለጀማሪ የሚመቸው በእሷ ምክንያት ነው፤ ለመታዘዝ የሚዘገየውም በእሷ ነው። ክብደቷን በሁለቱም በኩል እኩል ብትቀንሱ ይነቃል። ወርቅ ሠሪው ዘንድ እንደገና ሂዱ። ግን በፍጥነት ሲሄድ የታችኛው ክንፍ ወደፊት እያጋደለ የላይኛው "አልሄድም" ሲል መሀላቸው ያለው ክፍተት ይጠባል። ነፋስ ከተጨመረ ይጋጫሉ። ስለዚህ አዳራሽ ውስጥ፣ ካልሆነም ነፋስ ሳይነሳ በጠዋት።

ደግሞ ይሄን ሳትነኩ ትርፍ ክንፍ ይኑራችሁ። እኔ አልነበረኝም። ላማው ዘመድ እየጠበቀ ቁም ሳጥን ላይ ሁለት ወር ተኝቷል።