ለደሴና ለኮምቦልቻ ትምህርት መምሪያዎች የምናስገባው የሒሳብ ምክረ ሐሳብ፦ ረቂቁ ላይ እንነጋገር

ሰብሳቢ፣ ደሴ
ሰላም ለሁላችሁ። በመምህራን ማኅበራችን ስም ለሁለቱ ከተማ አስተዳደር ትምህርት መምሪያዎች የምናስገባው ምክረ ሐሳብ የመጀመሪያ ረቂቅ ይኸው። ሦስት ጥያቄ ይዟል፦ የቡድን ሥራ በየክፍሉ ተጠናክሮ እንዲቀጥል፣ ለሒሳብ መምህራን የተማሪ ተኮር ዘዴ ሥልጠና እንዲሰጥ፣ የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከላት በመርጃ መሣሪያ እንዲደራጁ። እስከ ዓርብ አስተያየታችሁን ከነምክንያቱ ጻፉ። «እደግፋለሁ» ብቻ ብሎ ማለፍ እንደ አስተያየት አይቆጠርም።

የ9ኛ ክፍል መምህርት፣ ኮምቦልቻ
የመጀመሪያው ጥያቄ ይውጣ። ተማሪ ተኮር ሲባል የምንሰማው ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ነው፤ አንድ ጎበዝ ተማሪ አምስት ልጆችን የሚመራበትን አንድ ለአምስቱንም አይተነዋል። ሱፐርቫይዘር መጣ ሲባል ዴስክ ይዞራል፣ ጎበዟ ትሠራለች፣ ሌሎቹ ይገለብጣሉ፣ ቅጹ ላይ «የቡድን ሥራ ተካሂዷል» ተብሎ ይሞላል። ከ60 በላይ ልጅ ባለበት ክፍል ዴስኩን ማዞርና መመለሱ ራሱ ከ40 ደቂቃው ስንቱን ይበላል? «ተጠናክሮ ይቀጥል» ብለን ከጻፍን መምሪያው ሰርኩላር ይበትናል፣ ርዕሰ መምህሩ ቼክሊስት ያወጣል፣ ልጁ ግን ካለበት ፈቅ አይልም።

የ5ኛ ክፍል መምህር፣ ደሴ
ቲቸር ልክ ነሽ፣ ግን ጭራሽ ይውጣ አትበይ። ቡድን ከንቱ የሚሆነው ጥያቄው አንድ ልጅ ብቻውን የሚጨርሰው ሲሆን ነው። የሚያከራክር ነገር ከሌለ ምን ያወራሉ?

የእኔን ክፍል ልንገራችሁ። 1/2 + 1/3 ስንት ነው ብዬ ሰጠሁ። አብዛኛው 2/5 አለ፤ ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምሮ። ይህን መልስ የማያውቅ የሒሳብ መምህር ያለ አይመስለኝም። ኤክስ አድርጌ ወደ ደንቡ አልሄድኩም፤ ሰሌዳው ላይ እንዳለ ተውኩትና «10 ሳንቲ ሜትር መስመር አስምሩ፤ 1/2ኛውንም 2/5ኛውንም አሳዩኝ» አልኳቸው። ግማሹ 5 መጣ፣ 2/5ኛው 4። ክፍሉ ትንሽ ዝም አለና አንዱ ከኋላ «እንዴ! ግማሽ እንጀራ ላይ ተጨምሮልኝ እንዴት ከግማሽ ያንሳል?» ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ እኔ አላስፈልግም ነበር ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ ያንኑ 10 ሳንቲ ሜትር ይዘው ሲሶውን ሊያወጡ ሞከሩ፣ እምቢ አላቸው። አንዷ 6 ሳንቲ ሜትር አሰመረች፦ ግማሹ 3፣ ሲሶው 2፣ በድምሩ 5፤ ስለዚህ 5/6። ለምን 6 እንደመረጠች ጎረቤቶቿ ጠየቋት። «ለ2ም ለ3ም የሚካፈል ስለሆነ» አለች። የጋራ ታህት ማለት ይኸው አይደለም? ደንቡን ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ከዚህ በኋላ ነው። ዴስክ አላዞርኩም፣ ያስፈለገኝም ማስመሪያ ብቻ ነው።

የ8ኛ ክፍል መምህር፣ ደሴ
ወንድሜ ደስ ይላል፣ ግን ስንት ክፍለ ጊዜ ፈጀ? እኔ ክልላዊ ፈተና የሚጠብቃቸው ልጆች ይዣለሁ። ፖርሽኑን (የዓመቱን ይዘት) ማን ይጨርስልኝ? ሰኔ ላይ ልጆቼ ያልተማሩት ምዕራፍ ቢመጣ ወላጅ የሚጠይቀው እኔን ነው፣ ይህን ማኅበር አይደለም።

የ5ኛ ክፍል መምህር፣ ደሴ
አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ፈጀ፣ አልደብቅም። የመጽሐፉ መልመጃ ለማግሥቱ አደረ።

የመምህራን ኮሌጅ አሠልጣኝ፣ ደሴ
የፖርሽን ነገር ሁላችንንም ስለሚያስጨንቅ ቁጥሩን እናስታውስ። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ናቸው። ይህ የአገር አቀፍ፣ የሁሉም ትምህርት ድምር ነው፤ የሒሳብ ብቻ አይደለም፣ ምክንያቱም አንድ አይደለም። ግን ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ፖርሽን የተሸፈነላቸው ናቸው።

የእኛዎቹ ላይ ሌላም ጭነት አለ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ተዘጉ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደግሞ ደሴም ኮምቦልቻም ጦርነቱ ውስጥ ነበሩ። ያኔ ክፍልፋይ ሊጀምሩ የነበሩ ልጆች ዛሬ ከአልጀብራው ኤክስ ጋር እየታገሉ ነው። እዚያ ላይ ምዕራፍ ብንደረድር በምን ላይ ይቆማል? ስለዚህ ለ8ኛ ክፍሉ ወንድማችን የማቀርበው፦ በየቀኑ አይሁን፣ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ይሁን፤ ምዕራፉም የቀጣዮቹ ሁሉ መሠረት የሆነው ይመረጥ።

ዴስክ ሳይዞር የሚሆን ነገርም አለ። ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው ስንት ሰከንድ እንደሚጠብቁ ለካች፤ አንድ ሰከንድ ግድም ሆኖ ተገኘ። ወደ ሦስት ሰከንድና በላይ ሲያስረዝሙት የልጆቹ መልስ ይረዝማል፣ እጁን አውጥቶ የማያውቀውም መናገር ይጀምራል። ፍራንክ ላይማን በ1981 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ዘዴም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፦ መጀመሪያ ለብቻ ማሰብ፣ ቀጥሎ ከጎረቤት ጋር መነጋገር፣ ከዚያ ለክፍሉ መንገር። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ልጅ ለምናስቀምጥ ለእኛ የተሰፋ ይመስላል።

ጡረታ የወጡ መምህር፣ ደሴ
ልጆቼ፣ ሰከንድ ስትሉ ፕላዝማውን፣ በቴሌቪዥን የሚተላለፈውን ትምህርት፣ አስታወሳችሁኝ። በ1997 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሲገባ ማስተማሩ ከእጃችን ወጣ። ጥያቄ ይጠይቃል፣ ልጁ እርሳሱን ሳያነሳ ራሱ መልሶ ያልፋል። መብራት ሲጠፋ እፎይ እንል ነበር (ይህን ደብዳቤው ላይ አትጻፉት)።

ሁለተኛው ጥያቄያችሁ ላይ አንድ ነገር ልበል። ሥልጠና ማለት ሦስት ቀን አዳራሽ ተቀምጦ ስለ ተማሪ ተኮር ትምህርት ሌክቸር መስማት ከሆነ ይቅር። ሠልጣኙ ራሱ አፉን ሳይከፍት ሠለጠንኩ ብሎ ይመለሳል። መምህር የሚማረው ሌላ መምህር ሲያስተምር እያየ ነው።

የመምህራን ኮሌጅ አሠልጣኝ፣ ደሴ
ጋሼ፣ የሚሉት ጃፓኖች ከመቶ ዓመት በላይ የሠሩበት ነው። ጥቂት መምህራን አንድ ትምህርት አብረው ያቅዳሉ፣ አንዱ ያስተምራል፣ ሌሎቹ ከኋላ ቆመው መምህሩን ሳይሆን ልጆቹን ይመለከታሉ፦ ማን የት ላይ ቆመ፣ ምን ብሎ አሰበ። ከዚያ ዕቅዱን ያሻሽሉና ሌላ ክፍል ውስጥ ይደግሙታል። የጃፓን መንግሥት ድጋፍ ያለው የሒሳብና ሳይንስ መምህራን ፕሮጀክት እኛም አገር ስለነበር ሐሳቡ ለመምሪያዎቹ እንግዳ አይሆንም። ሥልጠና የሚለውን በዚህ እንተካው።

የ9ኛ ክፍል መምህርት፣ ኮምቦልቻ
እስማማለሁ። ለዚያ የሚሆን ትምህርት ከእኔ ውሰዱ፣ የሁለቱም ከተሞቻችን የጋራ ነው፤ ሐረጎ፣ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው ቁልቁለት።

ታንጀንት ስጀምር ሦስት ቁጥር ብቻ እሰጣለሁ፦ ደሴ በግምት 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ግድም፣ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል። ተዳፋቱ ስንት ነው? 650ን ለ25,000 ያካፍላሉ፣ 0.026 ይመጣል፤ በአንግል 1.5 ዲግሪ ገደማ። ክፍሉ ይስቃል። ሐረጎን በሚኒባስ የወረደ ልጅ ሁሉ «ይሄማ ሜዳ ነው!» ይላል። ቁጥሩ ስህተት አይደለም፣ አማካይ ነው፤ መንገዱ ሁሉ እኩል ተዳፋት አለመሆኑን ራሳቸው ይናገራሉ። አማካይ ምን እንደሚደብቅ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም።

አንዳንዱ ደግሞ ይነቃል፦ «ቲቸር፣ 25 ኪሎ ሜትሩ እኮ የተዳፋቱ ርዝመት ነው፤ ታንጀንት የሚፈልገው አግድሙን ነው።» እውነቱን ነው። መጠምዘዙን ትተን እንደ አንድ ቀጥ ያለ ተዳፋት ካየነው፣ በፓይታጎራስ አግድሙን ሲያወጡ ከ25,000 ሜትር የሚጎድለው ከ9 ሜትር አይበልጥም። መቼ ለውጥ ያመጣል፣ መቼ አያመጣም የሚለው ክርክር ያኔ ይጀመራል።

አንድ ነገር ደግሞ ረቂቁ ውስጥ ይግባ። የ9ኛ ክፍል መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ነው። ልጁ በእንግሊዝኛ ተከራከር ሲባል አፉ ይያዛል። ክርክሩ በሚችለው ቋንቋ ይሁን፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፤ ደብተሩ ላይ የሚሰፍረው መደምደሚያ በእንግሊዝኛ ይሁን።

የ8ኛ ክፍል መምህር፣ ደሴ
በሳምንት አንድ ከሆነ እገባበታለሁ። ግን ቼክሊስቱ ካልተቀየረ አልችልም። ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ ልጆች ሲከራከሩ ካየ «ክፍል መቆጣጠር አይችልም» ብሎ ይሞላብኛል።

ሰብሳቢ፣ ደሴ
አብሽር፣ የሚቀጥለው ረቂቅ ላይ ይገባል። የተሻሻለው ይኸው፦

«የሒሳብ መምህራን በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ከመሠረታዊ ምዕራፎች በተመረጠ አንድ አከራካሪ ጥያቄ ላይ ብቻ እንዲያስተምሩና ለዚህም በዓመታዊ ዕቅዳቸው ቦታ እንዲፈቀድላቸው እንጠይቃለን። ጥያቄው ተማሪዎች በተለምዶ ከሚሰጡት የተሳሳተ መልስ እንዲነሳ ይመከራል። በየጉድኝት ማዕከሉ የሒሳብ መምህራን አብረው እንዲያቅዱ፣ በየተርሙ አንድ ጊዜም የደሴዎቹ ኮምቦልቻ፣ የኮምቦልቻዎቹ ደሴ ሄደው ትምህርት እንዲመለከቱ ይሁን፤ ይህም በተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ ሰዓት ይቆጠርላቸው። የምልከታ ቅጹ ላይ ‹የቡድን ሥራ ተካሂዷል› የሚለው ‹ተማሪዎች ምን ምክንያት ሰጡ› በሚል ይተካ። በክፍል ውስጥ ክርክሩ ተማሪው በሚችለው ቋንቋ ይሁን።»

የመርጃ መሣሪያውን ጥያቄ አውጥቼዋለሁ። ማስመሪያና ያገለገለ ወረቀት በቂ ከሆነ ገንዘቡ ለትራንስፖርት ይሻላል።

የ5ኛ ክፍል መምህር፣ ደሴ
ማስመሪያ በቂ ነው ያልኩት ለእኔ ትምህርት ነው። ለጂኦሜትሪ ኮምፓስና ፕሮትራክተር የሌለው ክፍል አለ። አንድ መስመር ይመለስ።

ጡረታ የወጡ መምህር፣ ደሴ
«ትራንስፖርት» በሉት፣ «አበል» እንዳትሉት። አበል ያለበትን ደብዳቤ ፋይናንስ ሳያነብ ይመልሰዋል። የሄደውን መምህር ክፍል ማን እንደሚይዝም ጻፉ፤ ርዕሰ መምህራን መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንን ነው።

የ9ኛ ክፍል መምህርት፣ ኮምቦልቻ
የእኛ ዲፓርትመንት ተራ ገብቶ ሊሸፍን ተስማምቷል። የደሴዎቹን አላውቅም፣ ተነጋገሩበት።

ሰብሳቢ፣ ደሴ
ኮምፓሱና ፕሮትራክተሩ ተመልሷል፣ «አበል» የሚል ቃል አይገባም። የክፍል ሽፋኑን የደሴ ዲፓርትመንት ኃላፊዎች እስከ ረቡዕ ይጻፉልኝ። የኮሌጁ አሠልጣኝ የምልከታ ቅጹን በአንድ ገጽ ያዘጋጃል፤ ከአንድ ገጽ ከበለጠ የሚሞላው የለም። ዓርብ ከሰዓት ሁለቱም ደብዳቤዎች ለየመዝገብ ቤቱ ገቢ ይሆናሉ።