ቆሎና በርበሬ ከቤት ለምትሸጡ፦ ኢንሹራንስ ወይስ ኤልኤልሲ?

ሰሞኑን ሦስት ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቀኝ። «ከቤት ሽሮና በርበሬ ልሸጥ ነው፤ ኤልኤልሲ (ንግዱን ከባለቤቱ የሚለይ ድርጅት) ላውጣ ወይስ ኢንሹራንስ ልግዛ?» ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው። ጠበቃ አይደለሁም። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ቆሎ ስሸጥ በሰው ጥርስ የተማርኩትን ነው የምነግራችሁ።

ገብሱን ለቅሜ፣ ቆልቼ፣ ከኦቾሎኒና ከሱፍ ጋር ቀላቅዬ በትንንሽ ከረጢት እሸጥ ነበር። አንድ ቀን ጠጠር አመለጠኝ። መልኩም መጠኑም ቁርጥ ገብስ። አንዷ ደንበኛዬ ነከሰችውና መንጋጋ ጥርሷ ተሰነጠቀ። ሐኪሙ ክራውን (የጥርስ ሽፋን) ያስፈልጋል አላት። እኔ ደግሞ የቤት ኢንሹራንስ አለኝ ብዬ ልቤ አልደነገጠም። ደወልኩ። የመጣልኝ ደብዳቤ አጭር ነው፦ ጉዳዩ ከንግድ ጋር የተያያዘ ስለሆነ አንከፍልም። ፖሊሲዬን ከመሳቢያ አውጥቼ ሳነበው እውነትም ተጽፏል። ደግነቱ ሴትዮዋ የቤተክርስቲያን ሰው ናት፤ በሽማግሌ ተነጋግረን በየወሩ እየከፈልኩ ጨረስኩት። ሁሉም ደንበኛ ግን በሽማግሌ አይመለስም።

ስለዚህ ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ኢንሹራንሱን አስቀድሙ። የምትፈልጉት ፕሮዳክት ላያቢሊቲ የሚባለውን ነው፤ የሸጣችሁት ምግብ ሰው ሲጎዳ የሚከፍለው እሱ ነው። የቤት ኢንሹራንሳችሁ ላይ ለቤት ውስጥ ንግድ ተጨማሪ ሽፋን ማስገባት ይቻል ይሆናል። ከመፈረማችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ሰውዬው ምግቡን ወስዶ ራሱ ቤት በልቶ ቢታመምስ?» ደንበኛ ደረጃችሁ ላይ ቢወድቅ ብቻ የሚከፍል ከሆነ ለቆሎ ሻጭ አይሆንም። ሌላው ለትንንሽ ምግብ ሻጮች ተብሎ የተዘጋጀው ነው። ፍሊፕ የሚባለው አንዱ ነው፤ ከቤት ለሚሸጡም ፖሊሲ አለው። እኔ ለብቻው የሚገዛውን እመርጣለሁ። ወደ ፋርመርስ ማርኬት ልግባ ስትሉም የኢንሹራንስ ወረቀት ሊጠይቋችሁ ይችላሉ፤ ያኔ ወረቀቱ በእጃችሁ ነው።

ኤልኤልሲ መጥፎ አይደለም። ቨርጂኒያ ማውጫው 100 ዶላር ነው፣ ከዚያ በየዓመቱ 50። ሜሪላንድ ማውጫው ያው 100 ሲሆን ዓመታዊ ሪፖርቱ ግን 300 ዶላር ነው፤ ለጎን ገቢ ይከብዳል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኤልኤልሲ ከድርጅቱ ዕዳ ይከላከልላችኋል። ገብሱን በገዛ እጇ የለቀመችው የድርጅቱ ባለቤት ራሷ ስትሆን ግን፣ ለጥፋቷ በግሏም ልትከሰስ ትችላለች። ብቻችሁን የምትሠሩ ከሆነ ከጠጠር አያድናችሁም።

አሁን ምን መሸጥ ይቻላል? ቨርጂኒያ ያለ ምርመራ ከቤት የሚፈቅደው ለእኛ ነገር የተመቸ ነው፦ ደረቅ ቅመም፣ ደረቅ ድብልቅ፣ የተቆላ ቡና፣ ኦቾሎኒ፣ ፍሪጅ የማይፈልግ የተጋገረ ነገር። በርበሬ፣ ምጥን ሽሮና ዳቦ ቆሎ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ንጥር ቅቤ፣ ቋንጣና ወጥ አይገቡም። ጠጅማ ለራስና ለእንግዳ ነው። የፌዴራሉ ሕግ አዋቂ ለብቻው ለሚኖርበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ላለበት 200 ይፈቅዳል፤ ያለ ፈቃድ አንድ ጠርሙስ መሸጥ ግን ክልክል ነው። ለሰርግ የምትጥሉ፣ ሰምታችኋል።

ቨርጂኒያ የሚያጠብቀው መሸጫው ላይ ነው። በዚህ ያለ ምርመራ በተፈቀደው መንገድ ለበላተኛው በቀጥታ እንጂ ለሱቅና ለሬስቶራንት ማስረከብ አይቻልም። ኦንላይን መሸጥም፣ ከስቴቱ ውጭ መላክም አይቻልም። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግራችሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለች ደንበኛ በርበሬ ስታደርሱ ሕጉ ከፈቀደው ወጥታችኋል። ግማሹ ደንበኛችን ከወንዙ ማዶ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሕጉ ግን ይኸው ነው። ሜሪላንድ የምትኖሩ በዓመት እስከ 50,000 ዶላር መሸጥ ትችላላችሁ። መሥፈርቱን ካሟላችሁ ለሱቅም ማስረከብ ይቻላል፤ እቃው ግን ከሜሪላንድ አይወጣም። ሀበሻ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ለመቀመጥ ያሰበ ሰው ሜሪላንድ ይሻለዋል ባይ ነኝ። የቤት አድራሻቸውን ከረጢት ላይ መለጠፍ ለማይፈልጉም ስቴቱ በምትኩ መለያ ቁጥር ይሰጣል።

ከረጢቱ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት አትናቁት። ቨርጂኒያ ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ የተሠራበት ቀንና ያለ ስቴት ምርመራ መዘጋጀቱን የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ይፈልጋል። አለርጂ የሚያስነሳውንም ጻፉ። ቆሎ ላይ ኦቾሎኒ፣ ዳቦ ቆሎ ላይ ስንዴ። ሰሊጥም ከ2023 ጀምሮ በፌዴራል ዝርዝር ውስጥ ነው። የኔ ወረቀት አሁን አንድ መስመር ተጨምሮበታል፦ «በእጅ የተለቀመ፤ ጠጠር ሊያመልጥ ስለሚችል ተጠንቅቀው ይብሉ።» ከተጠያቂነት ነጻ አያወጣኝም፣ ግን ሰው ቀስ ብሎ ይነክሳል።

እንጀራ ልሽጥ ያልሽኝ እህቴ፣ ያንቺ ለብቻው ነው። እንጀራ የተጋገረ ነገር ነው፣ ግን እርጥብ ነው፤ ሦስት ቀን ሲያድር ምን እንደሚያበቅል ታውቂያለሽ። ቨርጂኒያ ከሆንሽ ለስቴቱ የግብርና መሥሪያ ቤት በኢሜይል ጠይቂና መልሱን በጽሑፍ ያዢ። ዱቄቱ ላይ ስንዴ ወይም ገብስ ከቀላቀልሽ ደግሞ «ግሉተን የለውም» ብለሽ እንዳትጽፊ። ያንን ለመጻፍ ከሚሊዮን 20 እጅ በታች መሆን አለበት። ስንዴ የማይስማማው ሰው ጤፍ ብሎ አምኖሽ ነው የሚገዛው።